የሰፈር ጎርፍ ቦይን ከክረምት በፊት ማዳን፦ ከወጥ ቤት ባልዲ እስከ አቤቱታ ደብዳቤ

«ቦያችን በየክረምቱ ይዘጋል። ይጠረጋል፣ በሳምንቱ መልሶ ይሞላል። ምን እናድርግ?» ይህ ጥያቄ ከባሕር ዳር ሰፈሮች ብቻ ሳይሆን ከደብረ ማርቆስም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከቡሬም ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንዴ ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል።

ቦዩን የሚደፍነው ነገር የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፦ ከራሳችሁ ወጥ ቤትና ከእናንተ በላይ ካለው ሰፈር። ሁለቱን ሳትይዙ አካፋ ካነሳችሁ ለሚቀጥለው ቆሻሻ ቦታ ማመቻቸት ይሆናል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ጠረጋው የሚመጣው አምስተኛ ላይ ነው።

መቼ ይጀመር? መጋቢት ላይ። ሰኔ ዝናቡ ይገባል፣ ሐምሌና ነሐሴ ይበረታል፤ ቦዩ ደርቆ የሚገኘው ከዚያ በፊት ነው። ደረቅ ደለል ቀላል ነው፤ ሲረጥብ አንዱ ጆንያ ሁለት ሰው ይጠይቃል። ግንቦት መጨረሻ ላይ የምትጀምሩ ከሆነ ብስባሹን (ከወጥ ቤት ቆሻሻ የሚሠራውን ማዳበሪያ፣ ደረጃ 4) ለመስከረም አቆዩትና ደረጃ 1፣ 2 እና 5ን ብቻ ሥሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አካፋ፣ ዶማ፣ መንሽ፤ ቢያንስ ለሁለት ሰው አንድ
- ካሪዮላ፤ ካልተገኘ ባሬላ
- ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ፤ ብዙ፣ ካሰባችሁት እጥፍ
- ወፍራም የጎማ ጓንትና ቦቲ ጫማ፤ የላስቲክ ስስ ጓንት ለዚህ ሥራ አይሆንም
- በየቤቱ ክዳን ያለው አንድ ባልዲ (አሮጌ የቀለም ባልዲ ይበቃል)
- ለብስባሹ ሳጥን አጣና፣ ሚስማር፣ አሮጌ ቆርቆሮ ወይም ሸራ
- አንድ ሜትር ተኩል ያህል ፌሮ፣ ለሙቀት መለኪያ
- ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያደርጉበት ቀጭን ግልጽ ቱቦ
- ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ

የምትገዙት ነገር ትንሽ ነው። ጓንቱና ቦቲው ላይ ግን አትቆጥቡ።

1. ቦዩን በእግራችሁ ተከተሉት

ሦስት ወይም አራት ሰው ሁኑና ውሃው ከሚወጣበት ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ጫፉ ጣና ወይም ዓባይ፣ ወይም ወደ እነሱ የሚወስድ ትልቅ ቦይ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ አንዱ ወንዝ ያወርዳችኋል። በየመንገዱ እነዚህን በደብተር ጻፉ፦

- ቦዩ የት ላይ ይጠባል፣ የት ላይ ደለል ይይዛል፣ የት ላይ ግድግዳው ፈርሷል?
- ከየትኛው ግቢ ቱቦ ይገባበታል? ቀለሙ፣ ሽታው ምን ይመስላል?
- የቆሻሻ መኪና ወይም ጋሪ የማይገባበት ቅያስ የትኛው ነው?
- ክረምት ውሃ የሚገባው ማን ቤት ነው?

የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች አጥብቃችሁ ያዙ። መኪና የማይገባበት ቅያስ ያለ ሰው ቆሻሻውን ቦይ ውስጥ የሚጥለው ሌላ ቦታ ስላጣ ነው፤ ስብሰባ ላይ ብትቆጡት ነገ በጨለማ ይጥላል። ክረምት ውሃ የሚገባበት ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛው ቦታ ያለው፣ ኪራዩ የረከሰው ነው። የሁሉም ሰፈር ፌስታል እዚያ ቤት ደጃፍ ይሰበሰባል። ማን እንደሚጥልና ማን እንደሚጎዳ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ካልሳላችሁ በኋላ የምትጽፉት ደብዳቤ አቅም አይኖረውም።

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ በዓይን አይታወቅም። አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱና አመድ በትኑበት፤ አመዱ የሚሄድበትን ተከተሉ። ቆሞ ከቀረ እዚያ ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ጠረጋው ላይ ትመለሱበታላችሁ።

2. ሰው ሰብስቡ፤ ላይኛውንም ታችኛውንም

አብዛኛው ሰፈር እድሩን ጠርቶ ጨረስኩ ይላል። እድር ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን ተከራዮች ብዙ ጊዜ የእድሩ አባል አይደሉም፣ ውሃ የሚገባባቸው ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ቤት ለቤት ሄዳችሁ ጥሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ሁሉም ከሥራ በሚገባበት ምሽት አድርጉት። የእናቶች ድምፅ እንዲሰማ ከፈለጋችሁ የምሳ ሰዓት አትምረጡ፤ ባልዲውን የሚለዩት በአብዛኛው ቤት እነሱ ናቸውና እነሱ ያልተስማሙበት አይሠራም።

ከላይኛው ሰፈር ቢያንስ ሁለት ሽማግሌ አስመጡ። «ኑና እርዱን» ተብሎ የተጠራ ሰው አይመጣም፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ደጃፍ ያለው ቦይ እኛ ጋ ነው የሚወርደው፤ አብረን እንየው» ተብሎ የተጠራ ይመጣል። ከመጡ በኋላ በደረጃ 1 የሳላችሁትን አሳዩአቸው።

ከስብሰባው ሦስት ውሳኔ ብቻ ይዛችሁ ውጡ፦ የጠረጋው ቀን፣ የብስባሹ ቦታ፣ መዝገብ የሚይዙ ሁለት ሰዎች። ሥራውን እንደ ወንፈል አድርጉት፤ ላይኛው ሰፈር ታች ወርዶ አንድ ቀን ይሥራ፣ ታችኛውም ወጥቶ አንድ ቀን ይሥራ። በገንዘብ ልተካ የሚል ካለ ይተካ፣ ግን የመጀመሪያው ቀን በአካል ይምጣ። ታች ያለውን ቦይ በዓይኑ ያላየ ሰው ባልዲውን በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል።

ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራት በሰፈሩ ካሉ ተጠሪያቸውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስገቡ። እንጀራቸው ነው፤ ሳትነግሯቸው ከጀመራችሁ ሥራቸውን የነጠቃችሁ ይመስላቸዋል።

3. ቆሻሻውን ቤት ውስጥ ለዩ

ከከተማ ቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላ፣ የፍራፍሬ ልጣጭ። ይህ በፌስታል ታስሮ ሲጣል ቦዩን የሚደፍነው ጥቅል ይሆናል። ቆሻሻ መጣያ ደርሶ አየር በሌለበት ሲቀበር ደግሞ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ውስጥ ሲለካ ሙቀት በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ይበረታል። ያው ልጣጭ አየር እያገኘ ሲበሰብስ ግን ሚቴኑ እጅግ ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ከሁሉም በፊት እርጥቡን መለየት ላይ የምጸናው።

ሦስት መለያ ይበቃል፦

- እርጥብ፦ ክዳን ባለው ባልዲ። ታቹ ላይ ትንሽ ገለባ ወይም የተቀደደ ካርቶን ይነጠፍ፤ ውሃውን ይመጥጣል፣ ሽታውን ይቀንሳል።
- የሚሸጥ፦ ሃይላንድ፣ ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ካርቶን። ቆራሌው ይወስደዋል፤ ገንዘቡ ለጓንት ይሁን።
- ሌላው፦ ለሰብሳቢ ማኅበሩ በጆንያ።

ጠላና አረቄ የሚጠመቅበት ቤት ካለ አተላው ቦይ ውስጥ እንዳይደፋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አተላ ከብት ላለው ሰው መኖ ነው፤ ፈላጊ አይጠፋም። ቦይ ውስጥ ሲገባ ግን ይረጋል፣ ይሸታል፣ ዝንብ ያራባል።

4. የብስባሽ ሳጥኑን አቁሙ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሰናከል ረዘም አደርገዋለሁ።

*ቦታ።* ከቦዩ ቢያንስ አሥር እርምጃ የራቀ፣ ከጉድጓድ ውሃም የራቀ፣ ከፊል ጥላ ያለው። ጎርፍ የሚተኛበት ላይ አታድርጉት፤ ውሃ የገባበት ብስባሽ ይታፈናል። መሬቱ የማን እንደሆነ አጣሩና የቀበሌውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

*መጠን።* ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር። ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀቱን ስለማይዝ ይደርቃል ወይም ይገማል። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ሥሩ፤ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ከ10 እስከ 15 ቤት ለሚሆን ሰው በዚህ ጀምሩ፤ በመቶ ቤት የተጀመረ ብስባሽ ባለቤት አይኖረውም። በአጣናዎቹ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ፣ አየር እንዲገባ።

*አደራረብ።*

ሀ) ታቹ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ጭራሮና የበቆሎ አገዳ። አየር ከታች የሚገባው በዚህ ነው፤ ይህን ዘልሎ የጀመረ ሰው በወሩ «ገማብኝ» ብሎ ይጠይቀኛል።

ለ) አንድ ባልዲ እርጥብ።

ሐ) ሁለት ባልዲ ደረቅ፦ የጤፍ ገለባ፣ የደረቀ ሣር፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ከመንገድ ዳር የተጠረገ የጃካራንዳ ቅጠል። ባሕር ዳር ላይ ይህ ቅጠል በነፃ ይገኛል፤ ካልተነሣም ቦይ ውስጥ የሚገባ ነው፣ ሁለት ሥራ በአንድ ታደርጋላችሁ።

መ) አንድ አካፋ አፈር ወይም እበት። የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕያዋን የሚመጡት ከዚህ ነው።

እንዲህ እየደጋገማችሁ ሙሉ። የላይኛው ንጣፍ ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ከላይ የታየ ቀን ዝንብ ይሰፍርበታል።

*እርጥበት።* በጓንት አንድ እፍኝ አውጥታችሁ ጭመቁ። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሩ፤ ምንም ካልወጣ ውሃ አርከፍክፉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ይደርቃል፣ ከሰኔ በኋላ ደግሞ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ካልተሸፈነ ይሰምጣል።

*ሙቀት።* ሳጥኑ በሞላ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ፌሮውን እስከ መሐሉ ውጉትና ትንሽ አቆይታችሁ አውጡት። ጫፉን ለመያዝ እጅ እምቢ ካለ ሥራው ሄዷል። መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ የዝንብ እንቁላልና የአረም ዘር ይሞታል። ፌሮው ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ እርጥብ አንሶታል፣ ወይ ውሃ በዝቶበታል፣ ወይ ክምሩ ትንሽ ነው።

*መገልበጥ።* በየሁለት ሳምንቱ፤ ዳር የነበረው መሐል እንዲገባ። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ፍርፍር፣ ሽታው የአፈር የሆነ ብስባሽ ይወጣል።

*የማይገባ።* ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት የበዛበት ወጥ (አይጥና ውሻ ይጠራል)፤ የሰው ዓይነ ምድርና ዳይፐር፤ የውሻና የድመት ኩስ፤ ከቦይ የወጣ ደለል። አመድ አንድ እፍኝ ብቻ፤ ሲበዛ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያባርራል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በጣም ትንሽ፤ ዘይቱ ብስባሹን ያዘገያል። የጫት ገራባ ይቻላል፣ ግን ቅጠሉን ለዩ፤ እንጨቱ ከታችኛው ጭራሮ ጋር ይግባ።

ስለ እምቦጭ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጣና ላይ አረሙ ከታየ ከ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ «ለብስባሽ ይሆናል» ሲባል ይሰማል። በተዘጋጀ ቦታ፣ በባለሙያ ይቻል ይሆናል። በሰፈር ግን አታምጡት። ከቁራጭ ግንዱ ይባዛል፣ ዘሩም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ቦያችሁ ወደ ሐይቁ የሚመለስ ከሆነ ራሳችሁ መልሳችሁ ዘራችሁት ማለት ነው።

5. አሁን ቦዩን ጥረጉ፤ ከታች ወደ ላይ

ከመውጫው ጀምሩ። ከላይ ከጀመራችሁ የለቀቃችሁት ውሃና ደለል ታች ያለውን ገና ያልተከፈተ ቦይ ይሞላል፣ ከዚያም ዝቅ ያለው ቤት ውስጥ ይገባል። ባልተጠበቀ ዝናብ ይህ በአንድ ሌሊት ይሆናል።

ደለሉን እንደወጣ ከቦዩ ጠርዝ ላይ አትከምሩ። ይህን ስህተት በየከተማው አያለሁ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሁሉንም ይመልሰዋል። በጆንያ ሞልታችሁ አንድ ቀን ውሃው ይንጠፍጠፍ፣ በሁለተኛው ቀን ይነሣ። ማንሻ መኪናውን ከጠረጋው በፊት በደብዳቤ ጠይቁ እንጂ ጆንያ ከተቆለለ በኋላ አይሁን።

ከታቹ በላይ አትቆፍሩ። አንድ ቦታ ላይ ጠልቆ የተቆፈረ ቦይ ኩሬ ይሠራል፣ ኩሬውም ትንኝ ያራባል፤ ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ደግሞ ወባ ያለበት አገር ነው። በቱቦው ውሃ ልክ ከላይ ወደ ታች መውረዱን እያያችሁ ሂዱ። ደረጃ 1 ላይ አመዱ የቆመበት ቦታ ላይ በተለይ።

ተዳፋት ላይ ያላችሁ የሌሎች ከተሞች ሰዎች ችግራችሁ የተለየ ነው፦ ውሃው ይሮጣል፣ ያልተነጠፈውን ቅያስ አፈር ይዞ ወርዶ ታች ያራግፋል። እናንተ ከጠረጋው ጋር በየቅያሱ ዝቅ ያለ የድንጋይ ክትር ሥሩ።

ማስጠንቀቂያ

- ክዳን ባለው ቦይ ወይም በመንገድ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ሰው ፈጽሞ አይግባ። የታመቀ ጋዝ ሳይሸት ይጥላል፤ ሊያወጣው የገባውንም ይጨምራል። ይህ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው።
- መርፌ፣ የመድኃኒት ዕቃ፣ ባትሪ ካገኛችሁ በእጅ አታንሡ። በአካፋ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ አስገብታችሁ ለጤና ጣቢያ ወይም ለጽዳት ክፍሉ አሳውቁ።
- ፌስታልና ፕላስቲክ አታቃጥሉ። ጭሱ መርዛማ ነው፤ የሚተነፍሱትም አጠገቡ ያሉት ሕፃናት ናቸው።
- ልጆች ጠረጋው ላይ አይሰለፉ። ቅጠል ለማምጣት፣ ጆንያ ለመቁጠር ይሁኑ።
- የቆሰለ እጅ ወይም እግር ያለው ሰው በዚያ ቀን መዝገብ ይያዝ።

6. የላይኛው መግቢያ ላይ ፍርግርግ

ቦዩ ወደ ሰፈራችሁ በሚገባበት ቦታ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ፣ በየ5 ሳንቲ ሜትር የተደረደረ የፌሮ ፍርግርግ በሰያፍ አስበይዱ። ሰያፍ የሚሆነው ቆሻሻው ወደ ላይ እንዲንሸራተትና ውሃው ከሥር እንዲያልፍ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ወዲያው ይደፈናል።

ከዚህ ፍርግርግ የሚገኘው ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ የሚያዘው በሙሉ የእናንተ አይደለም። በየሳምንቱ ስንት ጆንያ እንደወጣ፣ ምን ምን እንደነበረበት ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ። ይህ መዝገብ ለቀጣዩ ደረጃ ማስረጃችሁ ነው።

በየዝናቡ ማግሥት የሚያጸዳው ሰው ስም ተለይቶ ካልተያዘ ፍርግርጉን አትሥሩ። ያልተጸዳ ፍርግርግ ግድብ ነው።

7. ከላይ የሚመጣውን በወረቀት ጠይቁ

መጀመሪያ ቆሻሻውን ወደሚጥለው ሂዱ። የመኪና እጥበት ይሁን፣ ጭማቂ ቤት፣ ሆቴል፣ ባለቤቱን በሽማግሌ አነጋግሩ፣ መዝገቡን አሳዩ፣ ቀን ቁረጡ። ብዙው እዚህ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ ጻፉ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፦ ቦታው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየሳምንቱ ስንት ጆንያ፣ ውሃ የገባባቸው ቤቶች ቁጥር፣ የምትጠይቁት አንድ ነገር። «መፍትሔ ይሰጠን» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ «ከዚህ ግቢ ወደ ቦዩ የሚገባው ቱቦ ይዘጋ፣ ቅያሳችን ጫፍ ላይ ገንዳ ይቀመጥ» የሚል ግን የሚመራለት ሰው አለው። ለቀበሌ፣ ለክፍለ ከተማ፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስገቡና በግልባጩ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ሳታስመቱ አትመለሱ። ቀኑን የምትቆጥሩት ከዚያ ነው።

የምትጠቅሱት ሕግ ሦስት ነው፦

- ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 44፦ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት።
- ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 92፦ የአካባቢ ጉዳይ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን የመግለጽ መብት።
- የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ አንቀጽ 11፦ ማንኛውም ሰው በግሉ ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ሦስተኛው ለተከራይ ትልቅ ነገር ነው። ካርታ የለህም፣ አያገባህም ሊባል አይችልም።

8. ክረምቱን ጠብቁ

ከተከላ በቀር ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ ሥራ አትጀምሩ። ፍርግርጉ ይጸዳ፣ የብስባሹ ክዳን ይታይ፣ የቆመ ውሃ ካለ ይለቀቅ። የቦዩን ጠርዝ ለማጽናት ሣር ወይም ቬቲቨር የተባለውን ሥረ ጥልቅ ሣር ለመትከል ሐምሌ መጀመሪያ ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍም ዋርካም ጠርዙ ላይ አትትከሉ፤ ሥራቸው ግንቡን ይሰነጥቃል።

ተደጋግመው የሚመጡ ችግሮች

*ብስባሹ ይገማል።* አየር አጥቷል ወይም ረጥቧል። ገልብጡት፣ ደረቅ እጥፍ ጨምሩ። ሽታው ዓይን የሚያቃጥል ዓይነት ከሆነ ደግሞ እርጥቡ በዝቷል፤ መድኃኒቱ ያው ገለባ ነው።

*ሰዎች ፌስታል ከነእርጥቡ ሳጥኑ ውስጥ ይጥላሉ።* ሳጥኑን ክፍት አትተዉት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ አንድ ሰው ቆሞ ይቀበል። ባልዲውን ገልብጦ ያየ ሰው ካለ ስድብም ቅጣትም አያስፈልግም።

*በአንደኛው ወር ሁሉም መጣ፣ በሦስተኛው ማንም የለም።* ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ብስባሹ ለማን እንደሚሆን አለመነገሩ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ፦ ባልዲ ላመጣ ቤት በጆንያ ይከፈል፣ የተረፈው ለችግኝ ጣቢያ ወይም ለጓሮ አትክልት አምራች ይሸጥ፣ ገንዘቡ ለፌሮና ለጓንት ይዋል። ጎመንና ቃሪያ በአሮጌ ባልዲ የሚተክሉ ተከራዮች ቀዳሚ ተረካቢዎች ይሁኑ፤ ጓሮ ስለሌላቸው ከማዳበሪያው ብዙ የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው።

*ደብዳቤ አስገባን፣ መልስ የለም።* ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን እዩ። 30 ቀን ካለፈ የፍርድ ቤቱ 60 ቀን መቆጠር ጀምሯል፤ በዚያው ሳምንት በክልሉ ፍትሕ ቢሮ ወይም በዩኒቨርሲቲ ያለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ካለ ጠይቁ፣ መዝገቡንና የጆንያውን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።